ከካሴት የተወለደ ጥበብ፤ የቼክ ጨዋታ ሠሪዎች ለማን ይሠራሉ?

በዛሬው ዘመን የቪዲዮ ጨዋታ ሲባል በብዙ ሰው ኅሊና የሚመጣው የአሜሪካና የጃፓን ታላላቅ ኩባንያዎች ንዋይ፣ የማስታወቂያው ጋጋታና እስከ እኩለ ሌሊት ከኮምፒዩተሩ መስኮት ፊት የማይነሣው ወጣት ነው እንጂ፣ ዐሥር ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ብቻ ያላት፣ ቋንቋዋም ከወሰኗ ውጭ እምብዛም የማይነገር የቼክ ሪፐብሊክ አይደለችም። ይሁን እንጂ በገዛ ገንዘባቸውና በገዛ ፈቃዳቸው የሚሠሩ፣ ነጻ የሚባሉ ጨዋታ ሠሪዎች ከየት እንደ ተነሡና ወዴት እንደሚሄዱ ለመመርመር የሚሻ ሰው ከዚያች አገር የተሻለ ምስክር የሚያገኝ አይመስለኝም፤ በሌላው አገር ጨዋታው ከገበያ ሲወለድ፣ በዚያ ግን ገበያው ከመምጣቱ አስቀድሞ ጨዋታው ተወልዶ፣ አድጎ፣ የራሱንም ጠባይ ይዞ ቆይቶ ነበርና። በዚህ ሐተታ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1980ዎቹ ዓመታት ቼኮዝሎቫኪያ በኮሙኒስት ፓርቲ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ ጨዋታ አሳትሞ ከመሸጥ እንጀራውን የሚያገኝ ሰው በአገሩ አልነበረም። የመንግሥት ፋብሪካዎች አይኪው 151 እና ፒኤምዲ 85 የሚባሉ ኮምፒዩተሮችን ለትምህርት ቤት እያሉ በጥቂቱ ይሠሩ ነበር፤ አይኪው 151 ግን ከዕውቀቱ ይልቅ በመጋሉ የታወቀ ማሽን ነው። የወጣቱ ምኞት ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለው የእንግሊዝ ኮምፒዩተር ነበር፤ ይህን ወይም ይህን የመሰለውን ማሽን ያገኘም ሰው፣ ወደ ምዕራብ የሄደ ዘመድ በሻንጣው ይዞለት ሲመጣ፣ አለዚያም በተራ ገንዘብ በማይገዛበትና የውጭ ምንዛሪ ኩፖን በሚጠይቀው ቱዜክስ በተባለው የመንግሥት ሱቅ ተሰልፎ ነው። የስፔክትረሙ ማኅደር 48 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ይኸውም ዛሬ በእጅ ስልክ ከሚነሣ ከአንድ ፎቶግራፍ እጅግ ያነሰ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የእነዚህ ወጣቶች መጠጊያ የሆነው ቤት የማን ቤት እንደ ነበረ ነው። ስቫዛርም የሚባለው፣ በ1951 የተቋቋመው ከጦር ሠራዊት ጋር የመተባበር ማኅበር፣ ወጣቱን በተኩስ፣ በፓራሹት ዝላይ፣ በሞተር ነጂነትና በሬዲዮ አሠራር አሠልጥኖ ለሠራዊቱ የተዘጋጀ ዜጋ እንዲያፈራ የተመሠረተ ነበረ፤ የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀትም ለአገር መከላከያ ይጠቅማል በሚል አሳብ የኮምፒዩተር ክበቦችን ከጥላው ሥር ሰብስቦ መሰብሰቢያ ክፍል ሰጣቸው። ወጣቶቹም ክፍሉን በደስታ ተቀብለው፣ ካሴታቸውን በኪሳቸው ይዘው እየመጡ፣ ከምዕራብ የተገኘውን ጨዋታ ሲገለብጡ፣ የእንግሊዝኛውን መምሪያ ሲተረጉሙና የራሳቸውንም ሲጽፉ ያመሹ ጀመር። እንግዲህ ወታደር ሊወጣበት የታሰበው ቤት ቀልደኛ ደራስያን ወጡበት። ይህን ሁሉ ያሮስላቭ ሽቬልኽ የተባለው የቼክ ሊቅ ከብረት መጋረጃው በስተጀርባ ስለ ነበረው ጨዋታ በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው መርምሮታል፤ ያን ዘመን ጭቆናና ወረፋ ብቻ አድርጎ ለሚያይ ሰው የሊቁ ሥራ ጥሩ መድኃኒት ነው።

ጨዋታው የሚቀመጥበት ካሴት ከዘፈን ካሴት የተለየ አልነበረም። ተራ የቴፕ መቅረጫ ከኮምፒዩተሩ ጋር በሽቦ ይገናኝና፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ለበርካታ ደቂቃ ከተሰማ በኋላ ጨዋታው ይከፈታል፤ በመካከሉ ቴፑ ቢንገጫገጭ ሁሉ ነገር እንደገና ከመነሻው ይጀመራል። ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ የሚሄድ ሥራ ሻጭም ገዥም የለውምና ደራሲው የሚያገኘው ዋጋ ስሙ ብቻ ነበር፤ ስለዚህም የእኛ ቁም ጸሐፊዎች በብራናው ፍጻሜ የጻፈውን፣ ያጻፈውንና ያነበበውን አስቡ እያሉ ስማቸውን እንደሚያኖሩት ሁሉ፣ እነዚህም ወጣቶች በጨዋታቸው ውስጥ ስማቸውን፣ አንዳንድ ጊዜም አድራሻቸውን፣ ለወዳጆቻቸውም ሰላምታ ይተዉ ነበር። የተጫዋቹን ፊት የሚያውቅ ደራሲ እንዴት እንደሚጽፍ ማየት ለፈለገ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ከክበቦቹ የወጣው ዋናው የድርሰት ዓይነት በጽሑፍ ብቻ የሚጫወቱት ጀብዱ ነበር። ተጫዋቹ የት እንደ ቆመ፣ በፊቱ ምን እንዳለና በየት በኩል ሊወጣ እንደሚችል በመስኮቱ ላይ በጥቂት መስመር ይነገረዋል፤ እሱም “ውሰድ”፣ “መርምር”፣ “ወደ ሰሜን” እያለ ትእዛዙን ጽፎ ይመልሳል፤ ማሽኑም ወይ ይፈጽምለታል፣ ወይ አልገባኝም ይለዋል፣ ወይም ደግሞ፣ የደራሲው ጠባይ ክፉ ከሆነ፣ በማይረባ ምክንያት ገድሎ ይስቅበታል። ሥዕልና ሙዚቃ የማይጠይቅ በመሆኑ አንድ ሰው ብቻውን ሊፈጽመው የሚችል ሥራ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን ቃል ነበርና የአገሩን ቀልድ፣ የመምህሩን ቅጽል ስም፣ የትራሙንና የቢራ ቤቱን ወሬ ሁሉ ይሸከማል። ማሽኑ እንግሊዛዊ ስለ ነበር የቼክ ፊደላት በራሳቸው ላይ የሚደፉት ምልክት ስላልነበረው ብዙዎቹ ያለ ምልክት ይጽፉ ነበር፤ አማርኛን በላቲን ፊደል በስልክ ሲላላክ የኖረ አንባቢ ይህን ችግር ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል።

ከደራስያኑ እጅግ የታወቁት “ወርቃማው ሦስት ማዕዘን” በሚል ስም የሚጠሩት ፍራንቲሼክ ፉካ፣ ሚሮስላቭ ፊድለርና ቶማሽ ሪሌክ ናቸው። ፉካ ገና በጉርምስና ዕድሜው ሳለ በ1985፣ ከአሜሪካ ፊልም የተዋሰውን ኢንዲያና ጆንስን ባለታሪክ አድርጎ የጻፈው ጨዋታ ከክበብ ወደ ክበብ ተዛምቶ ለሌሎች አብነት ሆነ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ያን ባለ ባርኔጣና ባለ አለንጋ ጀግና እየተዋሱ የየራሳቸውን ጀብዱ ጻፉለት፤ ሆሊውድ ቢሰማ ስርቆት ባለው ነበር፤ ለእኔ ግን የአንድን ጀግና ገድል በየአጥቢያው እንደየልማዱ ከሚተርክ ሕዝብ የተለየ ሥራ አልሠሩም።

ይህ ልማድ ወዴት እንደሚያደርስ የታየው አገዛዙ በተናጋበት ጊዜ ነው። በ1988 “ማዕከላዊ ኮሚቴ ሶፍትዌር” በሚል የፌዝ ስም የወጣ አንድ ጨዋታ፣ ርእሱን ከጎርባቾቭ ተሐድሶ ወስዶ፣ ተጫዋቹን በፓርቲው ቅዱሳት ንዋያት መካከል እያመላለሰ እስከ ሌኒን ሐውልት ማፈንዳት ድረስ ይመራዋል። ከዚህም የከፋው፣ ወይም እንደ አስተያየቱ የተሻለው፣ በ1989 የመጣው ነው። ያን ፓላኽ የተባለው የቻርልስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የዋርሶ ውል ጦር አገሩን መውረሩንና ሕዝቡም ለዚያ እየለመደ መሄዱን ተቃውሞ፣ በጃንዋሪ 16 ቀን 1969 በፕራግ በቅዱስ ቫጽላቭ አደባባይ ራሱን በእሳት አቃጥሎ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞቶ ነበር፤ ሃያኛው ዓመት ሲታሰብ በዚያው አደባባይ የተሰበሰበውን ሕዝብ ፖሊስ በዱላና በውኃ መድፍ በተነው፤ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ደራሲው ቫጽላቭ ሃቬልም በዚያ ሳምንት ታሰረ። ብዙም ሳይቆይ ስሙን የሰወረ አንድ ሰው የጻፈው የጽሑፍ ጨዋታ በካሴት ይዞር ጀመር፤ ርእሱም እንደ ፖሊስ መዝገብ የኢንዲያና ጆንስን ስም፣ የአደባባዩን ስምና የዚያን ቀን ዕለት የያዘ ነበር።

በዚህ ጨዋታ ባርኔጣ ለባሹ ጀግና በቅዱስ ቫጽላቭ አደባባይ በፖሊስ ተከብቦ ይገኛል። ተጫዋቹ አንድ ትእዛዝ ቢሳሳት ተደብድቦ ይሞታል፤ መሣሪያ ካገኘ ደግሞ በደብዳቢዎቹ ላይ ያለ ምሕረት ይመልስባቸዋል። እንደ ድርሰት ቢመዘን ሻካራ ነው፤ ቁጣ እንጂ ጥበብ የጻፈው አይመስልም፤ ጀግናው ፖሊሶችን የሚገድልበት ጭካኔም ለስላሳ ልብ ላለው አንባቢ የሚመች አይደለም። ነገር ግን የፓርቲው ጋዜጦች ሰልፈኛውን የሶሻሊዝም ጠላት እያሉ ሲጽፉበት በነበረበት ሰዓት፣ ያን ቀን በዚያ ስፍራ የሆነውን በስሙ ጠርቶ የጻፈ አንድ ካሴት ነበረ። በምዕራቡ ዓለም ጨዋታ የፖለቲካ ነገር ሊናገር ይችላል ወይ እየተባለ ክርክሩ የበረታው ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው፤ የፕራጉ ሰው ግን ማንንም ሳይጠይቅ ጽፎት ነበር፤ የሚከለክለው አሳታሚ አልነበረውማ።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር አገዛዙ ወደቀ፤ በ1993 ደግሞ ቼክና ስሎቫክ በሰላም ተለያዩ። ከዚያ በኋላ ያለው የዐሥር ዓመት ታሪክ በሌላም አገር የሚገኝ ስለሆነ ብዙ አያስቆየኝም፤ መጽሔቶች ተመሠረቱ፣ ጨዋታ በዲስኬት ይሸጥ ጀመር፣ ክበቡም ኩባንያ ሆነ። በጣሊያን ወረራ ዘመን በአባቶቻችን እጅ ከነበሩት መትረየሶች ጥቂቶቹ በተሠሩባት በብርኖ ከተማ፣ ኢሉዥን ሶፍትዎርክስ የተባለው ቤት በ2002 ማፊያ የተሰኘውን ጨዋታ አውጥቶ በዓለም ታወቀ፤ በ2008 ግን የአሜሪካው ቴክቱ ኩባንያ ገዛው፤ ቀጥሎ ስሙ ተለወጠ፣ ኋላም ከሌላ ስቱዲዮ ጋር ተቀላቅሎ ቀረ። ይህን አንድ ምሳሌ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ክበቡ ኩባንያ ሲሆን የጠፋው የወዳጅነት ጠባይ በሌላ መንገድ የተመለሰው በአንድ የሥነ ጥበብ ተማሪ እጅ ነው። ያኩብ ድቮርስኪ በ2003 በፕራግ የሥነ ጥበብ፣ የሕንጻና የዲዛይን ከፍተኛ ትምህርት ቤት የመመረቂያ ሥራውን ሲያቀርብ፣ ሥዕል ወይም ፊልም በማቅረብ ፋንታ ሳሞሮስት የተባለ ትንሽ ጨዋታ አቀረበ፤ ነጭ ልብስ የለበሰ ትንሽ ፍጡር፣ የዛፍ ሽበት የሸፈነው ሥር በሚመስል ፕላኔት ላይ ተቀምጦ፣ ቤቱን ሊጋጭ ከሚመጣ ሌላ ፕላኔት ለማዳን ይጥራል። በኢንተርኔት በነጻ የሚጫወቱት ስለ ነበር ዓለም አየው፤ በዚያው ዓመትም አማኒታ ዲዛይን የተባለው ስቱዲዮ ተመሠረተ። ከዚህ ስቱዲዮ የወጣው ማኪናሪዩም ደግሞ በ2009 የታተመ፣ ሰባት ሰዎች ለሦስት ዓመት የየራሳቸውን ቁጠባ እየበሉ የሠሩት፣ ለማስታወቂያው የተመደበለትም 1,000 ዶላር ብቻ የነበረ ሥራ ነው።

ማኪናሪዩምን ጠጋ ብሎ ላየው ሰው መክፈቻው ብቻ ይበቃል። ዮሴፍ የተባለ ትንሽ ሮቦት ከከተማ ውጭ ባለ የብረት ቍርጥራጭ ክምር ላይ ተጥሎ፣ አካሉ ተበታትኖ ይታያል፤ ተጫዋቹ ገጣጥሞ ካቆመው በኋላ አንገቱን እያስረዘመና እያሳጠረ፣ ዝገት በበላው ድልድይና በጠባቡ ጎዳና ወደ ከተማው ይመልሰዋል። በዚያ ከተማ አንድም የሚነገር ቃል የለም። ሮቦቶቹ የሚያስቡት ከራሳቸው በላይ በሚነፋ የእርሳስ ሥዕል ይታያል፤ ቶማሽ ድቮርዣክ ያዘጋጀው ሙዚቃም ቃሉን ተክቶ ይናገራል። ስሙ ለዮሴፍ ቻፔክ መታሰቢያ ነው፤ ወንድሙ ካረል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው ተውኔት ሮቦትን ለዓለም ያስተዋወቀው ነው። ቃል አልባነቱም ያለ አባት የተወለደ አይደለም፤ የዪርዢ ትርንካ አሻንጉሊቶች በፊልም ላይ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ሰውን ሲያስለቅሱ፣ የዝዴኔክ ሚለር ፍልፈልም ሳቅና ድምፅ ብቻ እያሰማ የብዙ አገር ሕፃናትን ሲያስደስት ኖሮአል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲባልልኝ እሻለሁ። የካሴቱ ዘመን ልጅ ለሚያውቀው ሰው ይጽፍ ስለ ነበር ቃሉን ሁሉ በቼክኛ አፈሰሰው፤ አማኒታዎች ደግሞ ለማያውቁት ዓለም ስለ ሠሩ ቃሉን ሁሉ አስወገዱት። ሁለቱም የትንሽ ቋንቋ ልጆች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ አስመስሎ በመናገር ሌላውን ለመምሰል ግን አልሞከሩም፤ አንዱ በቤቱ ልሳን ጮኸ፣ ሌላው ዝም ብሎ ሣለ። በመካከለኛው መንገድ ሄደው፣ የአሜሪካውን ወንበዴ በአሜሪካ ቋንቋ ያናገሩት የማፊያ ሠሪዎች ግን በዓለም ቢታወቁም ቤታቸውን አላተረፉም። ቋንቋ መምረጥ ብቻውን ስቱዲዮ ያድናል ማለቴ አይደለም፤ ለማን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ግን ምን ያህል መብዛትና ምን ያህል መክበድ እንዳለበትም ያውቃል ማለቴ ነው።

የድሮው የመገልበጥ ልማድም አልቀረም። ማኪናሪዩም በወጣ በዓመቱ የስቱዲዮው ሰዎች ጨዋታውን ከሚጫወቱት መካከል አብዛኞቹ ሳይከፍሉ የገለበጡ መሆናቸውን በገመቱ ጊዜ፣ ጠበቃ ከመላክ ይልቅ በ2010 ክረምት የምሕረት አዋጅ አወጁ፤ የገለበጠ ሁሉ 20 ዶላር የነበረውን በ5 ዶላር ገዝቶ ከኅሊናው ጋር ይታረቅ አሉ። ገንዘቡን ያህል ቃሉ ደስ ይላል፤ ሌባውንም እንደ ተጫዋች የሚቆጥር ሰው የካሴትን ዘመን ያልረሳ ነው።

ለማያውቁት ዓለም መሥራት ግን የራሱ ፈተና አለው። በ2018 እነዚሁ አማኒታዎች ቹኸል የተባለ፣ ጥቁር ጠጕር የሸፈነው ተንኮለኛ ፍጡር የሚቀልድበትን ጨዋታ ሲያወጡ፣ አሜሪካውያን ተመልካቾች የፍጡሩ መልክ በጥቁር ሰው ላይ ለማፌዝ ይቀባ የነበረውን የመድረክ ፊት ያስታውሳል አሉ፤ ሠሪዎቹም ይህን አላሰብነውም ብለው ሳይከራከሩ ፍጡሩን ብርቱካናማ አደረጉት። በዚያው ዓመት፣ በ1403 የነበረውን የቼኮችን ምድር ቦሄሚያን የሚተርከው ኪንግደም ከም ዴሊቨራንስ በወጣ ጊዜ፣ በጨዋታው ውስጥ አንድም ጥቁር ሰው የለም የሚል ወቀሳ ቢነሣ፣ መሪው ዳንኤል ቫቭራ በታሪክ ማስረጃ ተከላክሎ አልለውጥም አለ። እንደ ኢትዮጵያዊ ብፈርድ፣ የመጀመሪያዎቹ ያደረጉት ትሕትና ምንም አላሳነሳቸውም፤ የሁለተኛውም የመንደሩን ታሪክ እንደ መንደሩ የመተረክ መብት አይነፈገውም፤ የተናገረበት ንዴት ግን ከታሪክ ምሁር ይልቅ የተከራካሪ ነበር።

ከሁሉ የሚልቀውን ድፍረት ያሳዩት ደግሞ መምህራን ናቸው። የቻርልስ ዩኒቨርሲቲና የቼክ የሳይንስ አካዳሚ ተባብረው በ2017 ያወጡት አተንታት 1942 የተባለው ጨዋታ፣ ናዚው ገዥ ራይንሃርድ ሃይድሪሽ በፕራግ ከተገደለ በኋላ በሕዝቡ ላይ የወረደውን መዓት የሚያወሳ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ጥይት የለውም፤ አያቱ ለምን በጌስታፖ እንደ ተያዘ ለማወቅ የተረፉትን ሽማግሌዎች እየዞረ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ሻካራ ከሆነ ሽማግሌው ዝም ይለዋል። ጀርመን በፊልም ላይ የፈቀደችውን የናዚ ምልክት በጨዋታ ላይ ትከለክል ስለ ነበር ሥራው በዚያ ሳይሸጥ ቆይቶ፣ ደንቡ በ2018 ሲለወጥ ተፈቀደ። ከ2025 ጀምሮ የቼክ መንግሥት የሲኒማውን ፈንድ አስፍቶ ጨዋታዎችንም እንዲረዳ ማድረጉ እንዲህ ያለ ሥራ ባይኖር ይታሰብ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

የገንዘቡ ነገር ይቀራል። በፕራግ ጥቂት ሰዎች የሠሩት ቢት ሴበር የተባለው ጨዋታ በ2018 ወጥቶ በማግሥቱ ዓመት ፌስቡክ ገዛው። ፋክቶሪዮ የተባለውን ጨዋታ የሠሩት የፕራግ ሰዎች ግን በ2013 ከሕዝብ መዋጮ ለምነው የጀመሩትን ሥራ በ2020 እስኪፈጽሙ ድረስ በየዓርቡ ምን እንደ ሠሩ፣ ምን እንዳበላሹና ለምን እንደ ለወጡ ለተጫዋቾቻቸው እየጻፉ ቆዩ፤ ዋጋውንም በበዓል ሰበብ ዝቅ አድርገው አያውቁም። እንዲያውም በ2023 የኑሮ ውድነትን ጠቅሰው ከ30 ወደ 35 ዶላር ከፍ አደረጉት፤ ገበያው ግን አልሸሻቸውም። በየዓርቡ የሚጻፍለት ሰው፣ ምንም እንኳ በሚሊዮን ቢቆጠር፣ ከክበቡ ወዳጅ ብዙ የራቀ አይደለም።

የኪንግደም ከም ባለቤት ዋርሆርስ በ2014 ከሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሰብስቦ የተነሣ ቤት ሲሆን፣ በ2019 በስዊድን ባለሀብቶች ጥላ ሥር ገባ። በመጀመሪያው ጨዋታ የቦሄሚያ ገበሬና መኳንንት በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ፣ የአገሩ ተጫዋች በቼክኛ የተጻፈውን ከግርጌ ያነብ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2025 የወጣው ሁለተኛው ግን ከመነሻው ሙሉ የቼክኛ ንግግርም ይዞ መጣ። በውጭ ገንዘብ የሚተዳደረው ቤት የአገሩን ልሳን አናገረ፤ በገዛ ቁጠባቸው የሠሩት ነጻዎች ደግሞ ዝምታን መርጠው ኖሩ። የነጻነት ተቆርቋሪ ነን የምንል ጸሐፍት ይህን እንዴት እንደምናስታርቀው እኔ ገና አላገኘሁትም፤ ለፕራጉ ልጅ ግን ጥያቄው ያን ያህል የከበደው አይመስለኝም፤ የአያቱን ከተማ በአያቱ ቋንቋ ሲሰማ፣ የአክሲዮኑን ባለቤት ለማወቅ የሚቸኩል ጥቂት ነው።